ብሎወር ከመነሳቱ በፊት፦ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ብልሽትና የዋስትና ጥገና

ላፕቶፕ ስክሪኑ ላይ መስመር ማውጣት ሲጀምር፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ባሉት የጥገና ሱቆች ባለቤቱ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ካርዱ (ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ቺፕ) ነው፤ ትንሽ ይሞቅለት።» ብሎወሩ (የሙቅ አየር መንፊያው) ይነሳል፣ ቺፑ ይሞቃል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያው ላፕቶፕ ያንኑ መስመር ይዞ ይመለሳል። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ደንበኛው ግን ከከፈለው ገንዘብ በላይ ምን እንዳጣ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ማሽኑ የአምራቹ ዋስትና ያላለቀበት ቢሆን ኖሮ ማዘርቦርዱ በነጻ ሊለወጥ ይችል ነበር። ብሎወር የነካው፣ ፍላክስ (ብየዳን የሚያግዝ ቅባት) የፈሰሰበት ቦርድ ሲመጣ ግን የዋስትና ማዕከሉ ከፍቶ አይቶ ይመልሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ መሆኑ ይለያል፣ ቀጥሎ የዋስትናው ቀን ይታያል፣ ቦርዱ የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው።

በእርግጥ ካርዱ ነው?

«ካርድ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ የራም ወይም የስክሪን ኬብል ችግር ሆኖ የሚገኘው ቀላል አይደለም። መብራቱ በርቶ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ የፓወር ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ራሞቹን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹና ብናኙን በብሩሽ ጥረጉ። አንዱን ራም ብቻ አስገብታችሁ በአንዱ ማስገቢያ፣ ቀጥሎ በሌላው ሞክሩ። ብዙዎቹ የዴል ማሽኖች ጥፋት ሲያገኙ አንዱን መብራት በቁጥር ያበራሉ ወይም ድምፅ ያሰማሉ፤ ብዙዎቹ ኤችፒዎች የካፕስ ሎክ መብራትን ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ቁጥሩን ጻፉና ከሞዴሉ የአገልግሎት መመሪያ ጋር አስተያዩት። ራም ነው፣ ግራፊክስ ነው ወይስ ፕሮሰሰር የሚለውን ማሽኑ ራሱ እየተናገረ ሳለ ቦርድ መፍታት ትርፉ ድካም ነው።

ምስል እየመጣ መስመር ወይም ነጠብጣብ የሚታይ ከሆነ ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ አገናኙ። መስመሩ በሁለቱም ላይ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ ይሄዳል። በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ነው፤ ክዳኑን ስታጥፉና ስትዘረጉ መስመሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ኬብሉ ለመሆኑ ብዙ ጥርጣሬ የለም። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ የዲ ፊደልን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ፓወሩን ብታበሩ ስክሪኑ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየሆነ ይፈራረቃል። እነዚህን ቀለሞች የሚያወጣው ስክሪኑ ራሱ ነው፤ ካርዱ እጁ የለበትም። ቀለሞቹ ጥርት ብለው ከወጡ ስክሪኑን ተዉትና ወደ ኬብሉና ወደ ካርዱ ተመለሱ።

ስክሪንሾት አንስቶ ፎቶውን በስልክ ማየትም ይጠቅማል፤ ግን መልሱ ግማሽ ነው። ነጠብጣቡ በስክሪንሾቱ ውስጥ ካለ ካርዱ ወይም የካርዱ ሜሞሪ ወይም ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ነው። ስክሪንሾቱ ንጹሕ መሆኑ ግን ካርዱን ነጻ አያወጣውም፤ ከካርዱ ወደ ስክሪን የሚወጣበት መስመር ሊበላሽ ይችላል።

ድራይቨርን ከቺፕ ለመለየት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ ማየት ነው፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10። ገና ዊንዶውስ ሳይነሳ ነጠብጣቡ ባዮስ ላይ ካለ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም። ባዮሱ ንጹሕ ሆኖ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ሲጭን የሚቆም ከሆነ፣ ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት ሴፍ ሞድ ግቡ። በዲቫይስ ማኔጀር (በዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክትና «ኮድ 43» ካለ፣ ዊንዶውስ ካርዱ ራሱ ችግር ስላሳወቀ አቁሞታል ማለት ነው። ድራይቨሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከአምራቹ ገጽ ያወረዳችሁትን ጫኑ፤ ኮዱ ከተመለሰ የቺፕ ነገር ነው።

ኢንቴልና ኤንቪዲያ ሁለቱም ያሉበት ላፕቶፕ ሌላ ጠባይ አለው። በአብዛኞቹ ስክሪኑ የሚያልፈው በኢንቴሉ በኩል ስለሆነ ኤንቪዲያው ሞቶም ምስል ይኖራል። የሚታየው ምልክት ዊንዶውስ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙ ወይም በሰማያዊ ስክሪን መውደቁ ነው። በዲቫይስ ማኔጀር ካርዱን ዲሴብል አድርጋችሁ ማሽኑ ከረጋ ምርመራውም መፍትሔውም አንድ ላይ ተገኘ፤ ለቢሮ ሥራና ለፊልም ኢንቴሉ ይበቃል።

የሚሰነጠቀው የት ነው?

ይህን ሳያውቁ ጥገና መግዛት ገንዘብ መበተን ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ግራፊክስ ቺፕ ሁለት ደረጃ ብየዳ አለው። ከላይ የሚያብለጨልጨው ሲሊከን ከሥሩ ካለው አረንጓዴ ሰሌዳ ጋር የተያያዘው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ በሆኑ እጅግ ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሙጫ ይሞላዋል። ያ አረንጓዴ ሰሌዳ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዘው 0.5 ወይም 0.6 ሚሊ ሜትር በሆኑ የብየዳ ኳሶች ነው። «ሪቦል» የሚባለው፣ ኳሶቹን አንስቶ በአዲስ የመተካት ሥራ የሚነካው እነዚህን የታችኞቹን ኳሶች ብቻ ነው።

ሲሊከን ሲሞቅ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ይለጠጣል፤ አረንጓዴው ሰሌዳ ግን ከ15 እጅ በላይ። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ እኩል ስለማይለጠጡ ጫናውን የሚሸከሙት የላይኞቹ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። በመካከል ያለው ሙጫ በሙቀት ቶሎ የሚለሰልስ ከሆነ ጫናውን አይጋራቸውም፤ አንዱ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ሌላው።

በሰፊው የታየው ምሳሌ የኤንቪዲያ ነው። ኩባንያው በጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የሲሊከኑና የማሸጊያው ቁሳቁስ ደካማ መሆኑን ገልጾ፣ ለዋስትናና ለጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አሳወቀ። ከተጎዱት ውስጥ በዚያን ዘመን ላፕቶፖች ላይ በብዛት የነበሩት ጂፎርስ 8400ኤም እና 8600ኤም ነበሩ። ኤችፒ ፓቪሊዮን ዲቪ2000፣ ዲቪ6000 እና ዲቪ9000፣ ዴል ኤክስፒኤስ ኤም1330 እና ኤም1530፣ የ2007 እና የ2008 ማክቡክ ፕሮ ሁሉ በዚህ ስም የሚነሱ ናቸው። በኤችፒዎቹ ላይ አንድ የሚያሳስት ምልክት ነበር፦ ስክሪኑ ከመጥፋቱ አስቀድሞ ዋይፋዩ ከዲቫይስ ማኔጀር ይሰወር ነበር። የዋይፋይ ካርድ ተገዝቶ ተለውጦም አይመለስም፤ የሚሞተው ዋይፋዩ የተያያዘበት የቦርዱ ዋና ቺፕ ነውና።

ሙቀት የሚያሳስተውም እዚሁ ላይ ነው። ቺፑ በብሎወር ሲሞቅ ሲሊከኑና ሰሌዳው ይለጠጣሉ፣ የተሰነጠቀው ነጠብጣብ ለጊዜው ይገናኛል፣ ማሽኑ ይነሳል። ስንጥቁ ግን እዚያው አለ። እውነተኛ ጥገና ያለመሆኑ ማረጋገጫ ደግሞ ቀላል ነው፤ የታችኞቹ ከእርሳስ ነጻ የሆኑ ኳሶች የሚቀልጡት 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቺፑ ከዚያ በታች ሞቆም ማሽኑ «ይድናል»። ኳሱ ሳይቀልጥ ከዳነ የዳነው ኳሱ አይደለም።

ሁሉም የካርድ ሞት የቺፕ ሞት አይደለም። የ2010 አጋማሽ ባለ15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ጂፎርስ ጂቲ 330ኤም ያለበት ሲሆን፣ ወደ ኤንቪዲያው ሲቀይር በድንገት ይወድቃል። ብዙዎች ቺፑን ሲያሞቁት ኖሩ፤ ጥፋተኛው ግን በአብዛኛው ለቺፑ ኃይል የሚያደርሰው፣ በቦርዱ ንድፍ ላይ ሲ9560 ተብሎ የተሰየመው ባለ330 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው። ርካሽ ዕቃ ነው። ጥራት ያለው ተመሳሳዩ ሲገባ ማሽኑ ይረጋል። «ካርዱ ነው» ከማለት በፊት የኃይል መስመሩን መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከፍታው፣ አቧራውና መብራቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንደሚሠሩ ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ችግር የለም ማለት ነው፣ ግን የተረፈው ጥቂት ነው። የተረፈውን አቧራው ይጨርሰዋል።

በከተማዋ ዳርቻ አስፋልቱ የሚያልቅበት ሰፈር፣ ኮየ ፈጬ ይሁን ሰበታ ወይም ለገጣፎ፣ አቧራው የመንገድ አፈር ብቻ አይደለም፤ ያላለቀ ሕንፃ ሲሚንቶ አለበት። ከወጥ ዘይትና ከዕጣን ጭስ ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል። ከፋኑ ጀርባ፣ ሙቀት በሚወጣበት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ማበጠሪያ ፊት ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተጋመደ ንጣፍ ይሠራል። ፋኑን አንስታችሁ በጣት ብትይዙት አንድ ላይ ተላጦ ይወጣል። ከውጭ በኩል በኮምፕሬሰር የሚነፋ ሰው ይህን ንጣፍ ወደ ፋኑ መልሶ ከመግፋት በቀር የሚያደርገው የለም፤ ፋኑም ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲዞር መሽከርከሪያው ይጎዳል። ፋኑ ይፈታ፣ ክንፉ በጣት ይያዝ፣ ማበጠሪያው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። በእኛ ሰፈር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ክረምት ሳይገባ፣ አይበዛም።

ሂትሲንኩ (ሙቀት ከቺፑ የሚስበው ብረት) ከተነሳ ቴርማል ፔስቱ (በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መለወጥ አለበት። አሮጌው በአልኮል ይጠረጋል፤ አዲሱ ሲሊከኑን በስሱ ለመሸፈን የሚበቃ ጠብታ ነው። ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ያለበት ቦታ ላይ ፔስት ብቻ ቀብቶ መዝጋት ካርድ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው። ፓዱ 0.5፣ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊሞላ የተቀመጠ ነው፤ ፔስት ያንን አይሞላም፣ ሂትሲንኩ አየር ላይ ይቀራል። የአሮጌውን ውፍረት ለክታችሁ ያንኑ ተኩ። ሂትሲንኩ ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ቁጥር ተጽፏል፤ በዚያ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አጥብቁ። ከዚያ ኤችደብሊው ኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም ከፍታችሁ ካርዱ ሥራ ላይ ሆኖ ስንት እንደሚደርስ እዩ። እስከ 80 ዲግሪ ደህና ነው፤ 95 ከተሻገረ የሆነ ቦታ ላይ ሂትሲንኩ አልነካም።

መብራትን በተመለከተ፣ መብራት መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ነው የሚጎዳው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ እየሠራ ከሆነ ጋሻ የለውም፤ ባትሪ ለውጡ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ሰኩ። ስሙ የዴል ሆኖ ሥራው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀርም አለ። የዴል ማሽን በመሃለኛዋ ቀጭን ፒን ቻርጀሩን ይለያል፤ ካልለየው ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። «ላፕቶፔ ድንገት ቀርፋፋ ሆነ» የሚል ሰው መጀመሪያ ያንን ፒን ይይ።

ዋስትናው፦ የትኛው ነው ያላችሁ?

ሰው «ዋስትና አለው» ሲል አራት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥቅማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የአምራቹ መነሻ ዋስትና አለ፤ ለተራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 1 ዓመት፣ ለቢሮ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ 3 ዓመት። የተገዛ ማራዘሚያ አለ፤ የዴል ፕሮሰፖርት፣ የኤችፒ ኬር ፓክ፣ አፕልኬር። ከአሜሪካና ከአውሮፓ መሥሪያ ቤቶች ወጥተው «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው መገናኛና ቦሌ የሚሸጡት ላቲቱዶችና ኤሊትቡኮች ላይ ይህ ማራዘሚያ ገና ሳያልቅ ሊገኝ ይችላል፤ ሻጩም ገዢውም አያውቁትም። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው፣ አምራቹ አንድ ሞዴል በአንድ ጥፋት በብዛት ሲመለስበት ለዚያ ጥፋት ብቻ በነጻ የሚያውጀው ማራዘሚያ ነው። አራተኛው የሱቁ ቃል ነው።

ስለ ሦስተኛው፦ በኤንቪዲያው ጉዳይ ኤችፒ ለተጠቀሱት ሞዴሎች ዋስትናውን ከመነሻው ቀን ጀምሮ ወደ 24 ወር አደረሰው። ዴል 12 ወር ጨመረ፤ ፋኑ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርግ ባዮስም አወጣ፤ ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያድንም። አፕል ከሜይ 2007 እስከ ሴፕቴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ለተሠሩት ማክቡክ ፕሮዎች ጥገናውን በሂደት ከግዢ ቀን እስከ 4 ዓመት አራዘመ። በአሜሪካ በተካሄደው የጋራ ክስ የካሣ ማመልከቻው በማርች 2011 ተዘጋ። ያው ነገር በኤኤምዲ ካርድ ተደገመ፤ ለ2011 ባለ15 እና ባለ17 ኢንች ማክቡክ ፕሮ እንዲሁም ለ2012 እና ለ2013 መጀመሪያ ባለ15 ኢንች ሬቲና አፕል በፌብሩዋሪ 2015 ነጻ ጥገና ጀመረ፤ በኋላም እስከ 2016 መጨረሻ አራዘመው። ቀድሞ ከኪሱ ለከፈለ ሰው ገንዘብ መመለስም ነበረው። ስለዚህ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

እነዚህ ሁሉ አልቀዋል። ዛሬ የ2011 ማክቡክ ፕሮ ይዞ «አፕል በነጻ ይሠራል» ብሎ የሚሸጥ ካለ አትስሙት። ነገር ግን የአሠራሩ ልማድ አልተለወጠም፦ ማራዘሚያው የሚታወጀው በሞዴልና በተሠራበት ጊዜ ነው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ባለቤቱ ካልጠየቀ ማንም ደውሎ አይጠራውም። ስለዚህ የመለያ ቁጥሩን ይዛችሁ የአምራቹን የድጋፍ ገጽ እዩ። በዴል «ሰርቪስ ታግ» የሚባለው 7 ፊደልና ቁጥር ነው። በኤችፒ እንደ «5ሲጂ» ባሉ ሦስት ምልክቶች የሚጀምረው ሲሪያል ውስጥ አራተኛው ቁጥር የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፤ 7 ከዚያ 23 ካለ በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከታች የተለጠፈውን ብቻ አትመኑ፤ ባዮስ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ክዳኑ ወይም ቦርዱ የሌላ ማሽን ነው፣ የዋስትናውም ነገር እዚያው ያበቃል።

ገጹ ላይ «ዋስትና አለው» ማለት አዲስ አበባ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ዋስትናው የየት አገር እንደሆነ ይታያል። የሌላ አገር ከሆነ አንዳንዶቹ በኢንተርኔት ወደ አዲስ ባለቤትና አገር እንዲዛወር ይፈቅዳሉ፤ ዴል ለዚህ ቅጽ አለው፣ የቀድሞውን ባለቤት ስም ይጠይቃል፤ ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት እንጂ በኋላ አታገኙትም። ሌላው መንገድ በዘመድ እጅ መላክ ነው። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ማሽን አትላኩ፤ የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩ። ላኪውም ማሽኑን ይዞ ሲወጣ ጉምሩክ ላይ ምን ማስመዝገብ እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሲመለስ አዲስ ዕቃ ገዝቶ እንደገባ እንዳይቆጠርበት።

ማዘርቦርድ ከመለወጡ በፊት አንድ ነገር ግድ ነው፦ የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ። ዊንዶውስ ዲስኩን ቆልፎት ከሆነ ቁልፉ ከቦርዱ ላይ ካለው የደኅንነት ቺፕ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቦርዱ ሲለወጥ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ የለም። ምስል እያለ ሳለ ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ካለፈ ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉት። ማሽኑ ሲመለስም ባዮስ ውስጥ ያው የመለያ ቁጥር መጻፉን እዩ። በዋስትና የሚገባው ቦርድ ብዙ ጊዜ የታደሰ ነው፣ ያንኑ ደካማ ቺፕ የያዘም ሊሆን ይችላል፤ በ2011ዱ ማክቡክ ፕሮ ቦርዱ ተለውጦ ዳግም የተበላሸባቸው ጥቂት አልነበሩም። አፕል ለለወጠው ዕቃ የሚሰጠው 90 ቀን ወይም የቀረው ዋስትና ነው፣ የሚረዝመው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሽኑን አትራሩለት፤ ከባድ ሥራ ስጡት፣ የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ።

የሱቅ ዋስትና በቃል ከሆነ የለም በሉት። ደረሰኙ ላይ የመለያ ቁጥሩ፣ ዋስትናው ማዘርቦርድንና ግራፊክስን እንደሚጨምር፣ በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ ካልተጠገነ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። «ሶፍትዌር ብቻ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ ያው ባዶ ነው። ብሎኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ራሳችሁ አትቅደዱ፤ አቧራውን ለማጽዳት እንኳ ሱቁ ፊት ይከፈት። ከዚህ ሌላ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ዓ.ም.) መሠረት ሸማች በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ የገዛችሁትን ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጌም ወይም በከባድ ቪዲዮ አስጨንቁት፤ ካርቶን ውስጥ ማቆየት የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው።

ዋስትና ከሌለ

የተሰነጠቀው የላይኛው ብየዳ ከሆነ የሚያድነው ቺፑን መለወጥ ነው። ሪቦል የሚጠቅመው የታችኞቹ ኳሶች ሲለቁ ነው፤ ለምሳሌ ላፕቶፑ ወድቆ ወይም ቦርዱ ተጣምሞ። ሪፍሎው፣ ማለትም ማሞቅ ብቻ፣ ለምርመራና ፋይል ለማውጣት ካልሆነ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። የቤት ምድጃ ውስጥ ቦርድ የሚጋግሩም አሉ፤ ካፓሲተር ይፈነዳል፣ ሶኬት ይቀልጣል፣ ጭሱም በኬሚካል የተበከለ ስለሆነ ያ ምድጃ ዳግም ዳቦ አይጋገርበትም።

ቺፕ የሚለውጥ ባለሙያ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሠራበትን ማሽን እዩ። ከላይ ብቻ በሚነፋ የእጅ ብሎወር ትልቅ ቺፕ አይለወጥም፤ ቦርዱ ከታች ወደ 150 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ካልሆነ ይጣመማል። ከዚያ በላይኛው ሙቀት ከእርሳስ ነጻ የሆነው ብየዳ ከ235 እስከ 245 ዲግሪ ደርሶ ይለቃል። በቺፑ ጥግ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ሙጫ ካለ ቀድሞ ይነሳል፤ ሳይነሳ ቺፑ ከተሳበ የቦርዱን መዳብ ይዞ ይወጣል። የባዮስ ባትሪ ይወጣል፣ በአቅራቢያ ያለ ፕላስቲክ በአሉሚኒየም ቴፕ ይሸፈናል። በክረምት ወራት ካርቶን ውስጥ ተከፍቶ የቆየ ቺፕ እርጥበት ይስባል፤ በቀጥታ ሲሞቅ ውስጡ ይፈነዳል፣ ሆዱ ይነፋል። መድኃኒቱ አስቀድሞ በ125 ዲግሪ ለሰዓታት ማድረቅ ነው። «አዲሱ ቺፕም አልሠራም» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

የቺፑ ፊት ላይ አራት አኃዝ ያለው የቀን ቁጥር አለ፤ 0835 ካለ በ2008 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት ነው። ለነዚያ ለድሮዎቹ ኤንቪዲያዎች አሮጌ ቀን ያለው ቺፕ ማስገባት ያንኑ በሽታ መትከል ነው። የሲሊከኑ ጥግ የተፋቀ፣ በዙሪያው ፍላክስ የደረቀበት ከሆነ ከሌላ ቦርድ የተነቀለ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን። ኳሱን እርሳስ ካለው፣ በ183 ዲግሪ ከሚቀልጠው ዓይነት የሚጠቀም ባለሙያ ይሻላል፤ ቦርዱና ቺፑ ያነሰ ሙቀት ያያሉ።

ሲለካ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በሞልቲሜተር የትልቅ ግራፊክስ ቺፕ የኮር መስመር (ሲሊከኑን የሚመግበው የኃይል መስመር) ከመሬት ጋር ከ1 ኦም በታች ቢያሳይ ሾርት ላይሆን ይችላል፤ ጤነኛም ቺፕ እንደዚያ ዝቅ ይላል። ከተመሳሳይ ጤነኛ ቦርድ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ከቻርጀሩ የሚመጣው የ19 ቮልት መስመር ከመሬት ጋር ከተገናኘ ግን ነገሩ ካፓሲተር ወይም ሞስፌት (ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ትራንዚስተር) ነው። የላይኛው ሞስፌት ተበላሽቶ 19 ቮልቱን ወደ ኮሩ ለቆት ከሆነ ቺፑ ተቃጥሏል፤ ሞስፌቱን ብቻ ቀይሮ መሞከር ከንቱ ነው።

እንደ ዴል ፕሪሲዥን ኤም4600 ባሉ የሥራ ማሽኖች ላይ ካርዱ ለብቻው በብሎን የሚወጣ ነው፤ እዚያ ቺፕ ማስነሳት አያስፈልግም፣ ካርዱ ይገዛል። የቺፕ ለውጡ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ግማሽ ከተጠጋ ደግሞ ዲሴብል አድርጎ በኢንቴሉ መጠቀም ወይም ለዕቃ መሸጥ ይሻላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሞከርበት መንገድ ከጥገናው እኩል ያስፈልጋል። ሱቁ ውስጥ ሞቆ የሚሠራ ማሽን ምንም አያረጋግጥም፤ ስንጥቅ ሲሞቅ ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። ካርዱን ለግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ አስጨንቁት፣ አጥፉት፣ ሌሊቱን እዚያው ሱቅ ይደር። ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ፣ ማንም ሳይነካውና ሳያሞቀው፣ እናንተ ፊት ይነሳ። ባዮሱ ያለ ነጠብጣብ ከመጣ፣ ድራይቨሩም ያለ ኮድ 43 ከተጫነ፣ የቀረውን ክፍያ ያን ጊዜ ስጡ።